ፋሲካን በጣት አንጓ፦ ባሕረ ሐሳብ ከመካከለኛው ዘመን ሳይንስ ለምን ይቀራል?

#1 ቀመረኛው፣ ሰኞ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ክር የከፈትኩት ከሰሞኑ ሲያብሰለስለኝ የቆየ ነገር ስላለ ነው። እዚሁ መድረክ ላይ ስለ መካከለኛው ዘመን ሳይንስ ጥሩ ውይይት ተደርጎ ነበር። የባግዳድ ተርጓሚዎች ተነሡ፣ አስትሮላብ ተነሣ፣ የቶሌዶ ሠንጠረዦች ተነሡ፣ ኢብን አል-ሃይሰም ስለ ብርሃንና ስለ ዓይን የደረሰበት በደንብ ተብራራ። ሁሉንም በደስታ አነበብኩ። ወደ ኢትዮጵያ ሲደረስ ግን አንድ ሰው «እኛ ጋ ቅኔና ዜማ እንጂ ሳይንስ አልነበረም» ብሎ ጻፈ፤ ማንም አልመለሰለትም። እኔም ያን ቀን ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ባሕረ ሐሳብ አለ። ስሙን የማያውቅ የለም። በዘመን መለወጫ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ቆመን «ወንበር ይህን ያህል፣ አበቅቴ ይህን ያህል፣ መጥቅዕ ይህን ያህል» ሲባል እንሰማለን፤ ጾሙና በዓሉ ይታወጃል፣ እኛም ወደየቤታችን እንበተናለን። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? እኔ እስከ 35 ዓመቴ አልጠየቅኩም።

የጠየቅኩት አጎቴን ነው። መሪጌታ ናቸው። አምና ታመው ሳስታምማቸው አንድ ማታ ትራሱን ተደግፈው በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነኩ ሲቆጥሩ አየኋቸው። ጸሎት መስሎኝ ነበር። «የለም፣ የከርሞን ፋሲካ እያየሁ ነው» አሉኝ። ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ። ለደቂቃ ያህል ዝም ብለው ቀኑን ነገሩኝ። ስልኬን አውጥቼ አየሁ፤ ልክ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝን በ2018 ላሳያችሁ። ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ይባላል። 5500 እና 2018፣ 7518፤ በግእዝ ቁጥር ፸፭፻፲፰። ይህን ለ19 ብናካፍል 395 ጊዜ ደርሶ 13 ይተርፋል። ከትራፊው አንድ እንቀንሳለን፤ 12። ይኼ ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 ብናበዛ 132፤ በ30 በ30 ብንገድፈው 12 ይቀራል፤ አበቅቴ፣ ጨረቃ ከፀሐይ የቀረችበት የቀን ቁጥር። ወንበሩን በ19 ብናበዛ 228፤ እንደዚያው በ30 ብንገድፈው 18 ይቀራል፤ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት አለበት። 12 እና 18፣ 30። ካልመጣ አንዱ ቦታ ላይ ስተናል ማለት ነው፤ ተመልሰን እንቆጥራለን። ማረሚያው ከስሌቱ ጋር አብሮ ተሰጥቷል።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። 18 ስለሆነ መስከረም 18። 2018 የገባው ሐሙስ ነው፤ ስለዚህ መስከረም 18 እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም የሚጨመረው ቁጥር፣ 7። 18 እና 7፣ 25። ይኼ መባጃ ሐመር ይባላል። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው፤ 25 እና 9፣ 34፤ 30 ሲገደፍ 4። ፋሲካ ሚያዝያ 4።

ከዚህ ሁሉ በላይ የገረመኝ አንድ ነገር ነው። ይህ ስሌት የተሠራው ማንም ሰው፣ የትም ቦታ፣ ከማንም ሳይጠይቅ ያንኑ መልስ እንዲያገኝ ተደርጎ ነው። በረሃ ላለ መነኩሴ፣ አምባ ላይ ላለ ደብተራ፣ ከእስክንድርያ የወራት መንገድ ርቆ ላለ ካህን። ሰማይ ደመና ቢሆን ግድ የለውም። መልእክተኛ መንገድ ላይ ቢቀር ግድ የለውም። በመካከለኛው ዘመን ዓለም ይህ ትልቅ ቴክኖሎጂ ነው እላለሁ። ምን ትላላችሁ?

#2 የድሮ የቆሎ ተማሪ፣ ሰኞ ከምሽቱ 4፡05

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፤ አጎትህንም ይማርልን። እኔ ባሕረ ሐሳብን የተማርኩት በልጅነቴ ነው፤ አሁን ሰባ አልፎኛል። የእኛ መምህር ቁጥሩን የሚያስጀምሩን በባቄላ ነበር። አመሻሽ ላይ ከጎጇችን ፊት ለፊት አፈሩን በእጃቸው ጠርገው 19 ባቄላ በክብ ይደረድራሉ። አንዷን ባቄላ ለብቻዋ ከፍ አድርገው ያስቀምጧታል፤ እሷ ዕልቦ ወንበር ናት፣ ባዶዋ። ከሷ ጀምረን በየዓመቱ 11፣ 11 እየጨመርን፣ 30 ሲሞላ እየገደፍን ዙሪያውን እንሄዳለን። ክቡን ጨርሰን ወደ ባዶዋ ስንመለስ ቁጥሩ አንድ ይጎድላል። የመጨረሻዋ ባቄላ ላይ አበቅቴው 18 ነው፤ 11 ቢጨመርበት 29 ይሆናል፣ 30 አይሞላም። የዚያን ጊዜ መምህሩ ጣታቸውን አንሥተው «እዚህ ጨረቃ ትዘላለች» ይሉን ነበር። ለምን እንደምትዘል የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው፤ ያች አንድ ቀን ካልተዘለለች 19ኙ ዓመት አይገጥምም።

ስለ ባለቤቱ የተማርነውንም ልጨምር። ሊቁ ድሜጥሮስ የእስክንድርያ 12ኛው ሊቀ ጳጳስ ነው። ከመሾሙ በፊት ወይን የሚያለማ ገበሬ ነበር። ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ሆሳዕናና ትንሣኤ ከእሑድ፣ ዕርገት ከሐሙስ እንዳይወጡ ተመኘ። ሱባዔ ግባ ተባለ፤ ከሌሊቱ 23 ሱባዔ፣ ከቀኑ 7 ሱባዔ። ሱባዔ ሰባት ነው። 23 ጊዜ 7፣ 161፤ በ30 ሲገደፍ 11፣ ጥንተ አበቅቴ። 7 ጊዜ 7፣ 49፤ በ30 ሲገደፍ 19፣ ጥንተ መጥቅዕ። እኛ ተማሪዎቹ 11 እና 19ኝን አንድም ቀን ረስተን አናውቅም፤ ታሪኩ ራሱ ቁጥሩን ይዞታልና። ብራና ውድ በሆነበት አገር እንዲህ ነው የሚያዘው።

#3 ጠያቂ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡15

ሁለታችሁንም በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ የማልስማማበትን ግን ልናገር።

አንደኛ፣ ሳይንስ ለማለት ምልከታ ያስፈልጋል። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ጨረቃን ቀና ብሎ ማየት አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ውበቱ ይኸው ነው ብለሃል። ታዲያ ይኼ የተሸመደደ ሕግ እንጂ ምርምር ነው? ሁለተኛ፣ የድሜጥሮስ ታሪክ በታሪክ ምንጮች ሲታይ አይጸናም። በ19 ዓመት ዑደት ፋሲካን እንዳሰላ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው በአውሳብዮስ የተጻፈለት የእስክንድርያው ተወላጅ፣ የሎዶቅያው ጳጳስ አናቶልዮስ ነው፤ እሱ ደግሞ ከድሜጥሮስ በኋላ በ3ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ የነበረ ሰው ነው። ዑደቱ ራሱ ከክርስትናም ይቀድማል፤ አቴናዊው ሜቶን ያወቀው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ነው፣ ባቢሎናውያንም ይጠቀሙበት ነበር። ሦስተኛ፣ ስሌቱ ዛሬ ከሰማዩ ጋር አይገጥምም። ሙሉ ጨረቃ ብሎ የሚሰጠን ቀን ካለፈች በኋላ ነው።

ያደግኩበትን ነገር ማጣጣሌ አይደለም። ነገር ግን በስሜት «የኛም አለ» ከማለት በፊት እነዚህ መመለስ አለባቸው።

#4 ቀመረኛው፣ ማክሰኞ ከቀኑ 7፡30

ወንድሜ፣ ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ሁለተኛውን እቀበላለሁ። የትውፊቱ ታሪክ የሚያስተምረን ቁጥሩን ለመያዝ ነው፤ የዑደቱን የትውልድ ታሪክ ለማወቅ ግን ወደ ሜቶንና ወደ አናቶልዮስ መሄድ ነው ያለብን። የድሮ የቆሎ ተማሪ አባቴም የሚቀየሙኝ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ላይ ግን እሟገታለሁ። ምልከታው የት እንደገባ እንይ። ጨረቃ ከአዲስ ወደ አዲስ ለመድረስ 29 ቀን ተኩል ከትንሽ ትፈጃለች። የ2ኛው መቶ ዓመት እስክንድርያዊ በጥሊሞስ ከባቢሎናውያን ወርሶ የያዘው ልክ በእኛ መለኪያ ቢነበብ እንዲህ ነው፦ 29 ዕለት፣ 31 ኬክሮስ፣ 50 ካልዒት፣ 8 ሣልሲት፣ 20 ራብዒት። አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ፣ አንድ ኬክሮስ 60 ካልዒት እያለ ይወርዳል። ይህ ቁጥር ዛሬ በመሣሪያ ከሚለካው በሰከንድ ክፍልፋይ ነው የሚለየው። እዚህ ልክ ላይ ለመድረስ ትውልዶች የጨረቃ ግርዶሽ እየመዘገቡ ኖረዋል። ምልከታው አልጠፋም፤ 235 ወር በ19 ዓመት ውስጥ ይገባል በሚለው ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ገብቷል። ባሕረ ሐሳብ ያንን የተጠቀለለ እውቀት ሁሉም ሊሸከመው ወደሚችል ነገር ለወጠው።

ይህ ለምን እንዳስፈለገ ለማየት ከአገራችን ወጥተን ወደ ሰሜን እንግሊዝ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ7ኛው መቶ ዓመት የኖርዘምብርያ ንጉሥ ኦስዊዩ ፋሲካን የሚያከብረው የአየርላንድ መነኮሳት ባመጡት በ84 ዓመት ዑደት ነበር። ንግሥቲቱ ኢያንፍሌድ ደግሞ ከደቡብ ከኬንት ስለመጣች የሮምን ትከተላለች። ንጉሡ ጾሙን ፈትቶ ፋሲካ ላይ ተቀምጦ ሳለ ንግሥቲቱና ሰዎቿ ገና በሆሳዕና ጾም ላይ የሆኑበት ዓመት ነበር። አንድ ቤተ መንግሥት፣ ሁለት ማዕድ! በ664 ዊትቢ ላይ ጉባኤ ተጠርቶ ንጉሡ ወደ ሮም አደላ፤ ሮምም ያን ጊዜ የያዘችው የእስክንድርያን የ19 ዓመት ዑደት ነበር። ይህን ታሪክ የጻፈልን ቤዳ የተባለው መነኩሴ ነው። እሱው በ725 ስለ ዘመን ቆጠራ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ እዚያ ውስጥ ከፋሲካ ስሌት ጋር የባሕር ውኃ መሙላትና መጉደል ከጨረቃ ጋር እንዴት እንደሚሄድም አጥንቶበታል። የፋሲካ ጥያቄ ነው ሰውየውን ወደ ባሕሩ ዳር የወሰደው።

አጎቴ በአንጓ ሲቆጥሩ አየሁ አላልኳችሁም? ቤዳም ያንኑ ያስተምራል። የግራ እጅ አንጓዎች 14 ናቸው፤ አራቱ ጣቶች ሦስት ሦስት፣ አውራ ጣት ሁለት። አምስቱን ጥፍሮች ብትጨምሩ 19፤ የጨረቃ ዑደት። የሁለቱ እጆች አንጓ ደግሞ 28፤ 7ቱ ዕለታትና 4ቱ የወንጌላውያን ዓመታት ተገናኝተው የሚመለሱበት የፀሐይ ዑደት። 19 ጊዜ 28፣ 532። ዐቢይ ቀመር የምንለው ይኸው ነው፤ ከ532 ዓመት በኋላ ፋሲካዎች በነበሩበት ቅደም ተከተል ይደገማሉ። እጃችሁን ዘርግታችሁ ቁጠሩት።

#5 ከሐይፋ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ወገኖቼ። እኔ የምኖረው እስራኤል ነው፤ ነገሩ ስለነካኝ ልጨምር።

መጥቅዕ ማለት መለከት፣ ደወል ማለት ነው። በዓለ መጥቅዕ የሚባለው ቀን የአይሁድ የመለከት በዓል፣ ሮሽ ሀሻና ነው። እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ነው የነቃሁት። የድሮዎቹ የግእዝ ሠንጠረዦች ከመጥቅዕ ቀጥለው የማስተስረያውን ጾም፣ የዳስ በዓልን፣ ፍሥሕን (የአይሁድን ፋሲካ) ሁሉ በየዓመቱ ያስቀምጣሉ። ስለ ጥንት ዘመን የሒሳብ ታሪክ ብዙ የደከመው ኦቶ ኖይገባወር የኢትዮጵያን ባሕረ ሐሳብ ሲመረምር የደረሰበት ይህንኑ ነው፤ የጥንቱን የእስክንድርያ ስሌት፣ የአይሁድና የክርስቲያን በዓላት ገና ጎን ለጎን ይቆጠሩ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ፣ ግእዝ ጠብቆ አቆየው።

ለማነጻጸር ሞከርኩ። በ2018 በቀመረኛው ስሌት መጥቅዕ መስከረም 18 ነው። ሮሽ ሀሻና የዋለው መስከረም 13 ነበር። አምስት ቀን ልዩነት። ጠያቂ ያለው እውነት ነው፤ ሰማዩ ቀድሞናል። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ እምነቶች፣ አንዱ በዕብራይስጥ ሌላው በግእዝ፣ ከሺህ ዓመት በላይ ተለያይተው ቆይተው በአምስት ቀን ብቻ ሲራራቁ ሳይ እኔ ስሕተቱ ሳይሆን ዝምድናው ነው የታየኝ።

የዕብራውያኑም በ19 ዓመት ነው የሚሄደው፤ በ19 ውስጥ 7 ዓመት 13 ወር ይሆናል። የወራቸውም ልክ ያ ቀመረኛው የጻፈው የበጥሊሞስ ቁጥር ነው፤ እነሱ 29 ቀን፣ 12 ሰዓት፣ ከአንድ ሰዓት 1080 ክፍል ደግሞ 793 ክፍል ብለው ይጽፉታል እንጂ አንድ ነው፣ በካልኩሌተር አረጋግጫለሁ። ሌላ የሚገርም ነገር፦ አልጎሪዝም የሚለው ቃል የወጣው ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ይህ የባግዳድ ሰው በ9ኛው መቶ ዓመት ስለ አይሁድ የዘመን አቆጣጠር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጽፏል፤ የ19 ዓመቱን ዑደት ያስረዳበታል። አል-ቢሩኒም በ1000 እ.ኤ.አ. አካባቢ የሕዝቦችን ዘመን አቆጣጠር ሲሰበስብ የአይሁዱንም የክርስቲያኑንም ስሌት አንድ በአንድ መርምሯል። ስለዚህ ቀመረኛው የጠቀሰው ሰውዬ እኛ ጋ ሳይንስ አልነበረም ሲል፣ ባግዳድ ያሉት ሊቃውንት ራሳቸው ይህንኑ ጥያቄ እየሠሩት እንደነበር አላወቀም።

#6 የድሮ የቆሎ ተማሪ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡50

ልጆቼ፣ ስለ ድሜጥሮስ አልተቀየምኩም። እኛ እንዲያ ተማርን፤ እናንተም ያነበባችሁትን ንገሩን።

ከአረቡ ወገን የመጣውን ግን አንዱን ዘነጋችሁ። አቡሻኽር! የግብፅ ቅብጥ ሊቅ ነው፣ በ13ኛው መቶ ዓመት የዘመን ቆጠራ መጽሐፉን በዐረብኛ ጽፏል። የእኛዎቹ መምህራን ባሕረ ሐሳብን ጠለቅ አድርገው የሚያዩት በእሱ ነው። ወደ ግእዝ የመለሱት በ16ኛው መቶ ዓመት እጨጌ ዕንባቆም እንደሆኑ ይነገራል፤ ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት። ከግሪክ ወደ ቅብጥ፣ ከቅብጥ ወደ ዐረብ፣ ከዐረብ ወደ ግእዝ። ትምህርት እንዲህ ነው የሄደው፤ በእግርና በመርከብ።

#7 መምህርት ዘጠነኛ ክፍል፣ ረቡዕ ከቀኑ 9፡10

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ትናንት ሌሊት ይህን ክር ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። እኔን ያስጨነቀኝ ተውሳክ ነው። ዓርብ 2፣ ሐሙስ 3፣ ረቡዕ 4፣ ማክሰኞ 5፣ ሰኞ 6፣ እሑድ 7፣ ቅዳሜ 8። ለምን ከ2 ይጀምራል? ከ0 ወይም ከ1 ቢጀምር ምን ነበረበት? ወረቀት አውጥቼ ስሠራው ነጋ።

ከመጥቅዕ እስከ ነነዌ አራት ወር፣ ማለትም 120 ቀን፣ ሲደመር ተውሳክ ነው። ከነነዌ እስከ ፋሲካ 69 ቀን። 120 እና 69፣ 189። 189 ደግሞ 27 ሳምንት ነው፣ ምንም ትርፍ የለውም! ስለዚህ ከመጥቅዕ 189 ቀን ብንቆጥር ያው መጥቅዕ የዋለበት የሳምንቱ ቀን ላይ ነን፤ ተውሳኩ ከዚያ ተነሥቶ እሑድ ላይ ያደርሰናል። ዓርብ ከሆነ 2 ቀን፣ ቅዳሜ ከሆነ 8 ቀን።

ቅዳሜ ለምን በ1 ቀን እሑድን አያገኝም? እዚህ ላይ ነው ቁልፉ። የስሌቱ ሙሉ ጨረቃ ከመጥቅዕ 190 ቀን በኋላ ትውላለች። ቅዳሜ ላይ 1 ብቻ ብንጨምር ፋሲካ ሙሉ ጨረቃዋ ላይ ራሷ ይወድቅ ነበር። ሕጉ ግን ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ያለው እሑድ ነው የሚለው። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ ተገፍቶ 8 ሆነ። ከ2 እስከ 8 ያሉት ሰባቱ ቁጥሮች ከሙሉ ጨረቃ ማግሥት ጀምሮ እስከ ሰባተኛው ቀን ያለውን በትክክል ይሸፍናሉ። በ2018 ሞክሩት፦ መስከረም 18 ሲደመር 190፣ መጋቢት 28 ሰኞ ይመጣል፤ ቀጣዩ እሑድ ሚያዝያ 4። ይህን ያሰናዳው ሰው ጨረቃን፣ ሳምንትንና 30 ቀን ያለውን ወር አንድ ላይ አስሮ፣ ለተማሪው የሰጠው ግን ሰባት ትንንሽ ቁጥሮች ብቻ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ልጆቼን በትራፊ ማካፈል ሳስተምር በየዓመቱ የሰዓት ምሳሌ ነበር የምሰጠው። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ይህን ነው የማስተምረው።

ደግሞ ሌላ፦ «መጥቅዕ ከ14 ቢበልጥ፣ ቢያንስ» ሲባል 14 ራሱ ቢመጣስ ብዬ ፈራሁ። አሥራ ዘጠኙንም ዘረዘርኩ። 30፣ 19፣ 8፣ 27፣ 16፣ 5፣ 24፣ 13፣ 2፣ 21፣ 10፣ 29፣ 18፣ 7፣ 26፣ 15፣ 4፣ 23፣ 12። 14 የለም። መቼም አይመጣም።

#8 ጠያቂ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 1፡45

መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ማንም እንዲህ አስረድቶኝ አያውቅም። የ27 ሳምንቱን ራሴ ሠርቼ አየሁት።

ጥያቄዬን አሻሽዬ ላቅርብ። ስሌቱ ብልህ መሆኑን ተቀብያለሁ። ግን ስሕተቱን ማን ያርመዋል? 19 ዓመት በባሕረ ሐሳብ 6939 ቀን ከ18 ሰዓት ነው። 235ቱ የጨረቃ ወራት ግን ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያንሳሉ። በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሆናል። የሐይፋዋ እህታችን ያየችው አምስት ቀን የዚህ ክምችት ነው። የፀሐዩም እንደዚሁ፤ ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ተብሎ ሲቆጠር ከእውነተኛው 11 ደቂቃ ይበልጣል፤ በ128 ዓመት አንድ ቀን። በስሌቱ የጸደይ እኩሌታ፣ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት፣ መጋቢት 25 ነው፤ ዛሬ ፀሐይዋ እዚያ የምትደርሰው መጋቢት 11 አካባቢ ነው። ምዕራባውያኑ በ1582 እ.ኤ.አ. አርመውታል። ሳይንስ ማለት ማረምም አይደለም?

#9 ቀመረኛው፣ ረቡዕ ከምሽቱ 3፡00

ነው። በዚህ ላይ አልከራከርህም። ግን አንድ ነገር ተመልከት፦ ያቺን የአንድ ሰዓት ተኩል ስሕተት ለማየት የቻልነው ስሌቱ ሳይነካ ስለቆየ ነው። በየዘመኑ ትንሽ ትንሽ እየተቀየረ ቢመጣ ኖሮ ምን ያህል እንደራቀ የምንለካበት ቋሚ ነገር አይኖረንም ነበር። ቤዳም የጨረቃው መልክ ከሠንጠረዡ እንደሚቀድም በዘመኑ አስተውሎታል፤ አልቀየረውም፣ ጻፈው እንጂ። ሮም ለማረም የቻለችው ከሱ በኋላ 850 ዓመት ቆይታ ነው፤ ያኔም የወሰደችው ያንኑ የ19 ዓመት ዑደት ነው፣ ላዩ ላይ ማስተካከያ ጨምራ። መሠረቱን አልጣለችውም።

ማረሙ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት ተስማምተው የሚያደርጉት ነው፤ እኔ በዚህ ክር አልፈርድም። እኔ የምለው ልጆቻችን ስሌቱንም ስሕተቱንም አብረው ይወቁ ነው። አምስቱ ቀን ከየት እንደመጣ ማስላት ራሱ ጥሩ የሒሳብ ትምህርት ነው።

ስለ ባዶም ልጨምር፤ አባቴ በባቄላው ያነሡትን። በግእዝ ቁጥር ውስጥ ባዶ ምልክት የለውም። ስሌቱ ግን ባዶ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ዕልቦ ብሎ በቃል ጠራው። ዲዮናስዮስ የተባለው መነኩሴ በ525 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ የፋሲካ ሠንጠረዡን ሲሠራ እሱም በሮማይስጥ ቁጥር ባዶ ስለሌለ «ምንም» የሚል ቃል ነው የጻፈው። የሕንዱ ዜሮ ወደ አውሮፓ ከመድረሱ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት።

#10 የሌሊት ተረኛ፣ ሐሙስ ከሌሊቱ 9፡30

ሁላችሁም እንዴት ናችሁ። አሜሪካ ነርስ ነኝ፤ አሁን በሥራ ላይ ነኝ፣ በሽተኞቼ ተኝተዋል። በየዓመቱ የፋሲካን ፈቃድ አስቀድሜ መጠየቅ አለብኝ፤ አለቃዬ «ፋሲካ ባለፈው ሳምንት አልነበረም እንዴ?» ስትለኝ ምን ብዬ እንደማስረዳት ይጠፋኝ ነበር። በ2017 ከነሱ ጋር አንድ ቀን ስለዋለ ጭራሽ ግራ ገባት። ይህን ክር ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፦ ወንበር ላይ ለምን አንድ ይቀነሳል?

#11 የድሮ የቆሎ ተማሪ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ 12፡20

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። የያዝነው ዓመት ገና አላለቀም። አበቅቴ ጨረቃ ከፀሐይ የቀረችበትን ቀን የሚቆጥረው ካለቁት ዓመታት ነው። ያላለቀውን አውጥተሽ ያለቀውን ትይዢያለሽ። ባቄላው ላይ ባዶዋን መጀመሪያ ያስቀመጥነው ለዚህ ነው፤ ባዶዋ ላይ ያለ ሰው ገና አንድም ዓመት አልጨረሰም።

የ2019ን አንቺ ሥሪውና እዚህ ጻፊልን። እኛ እናርማለን።

#12 የሌሊት ተረኛ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ 1፡15

እሺ አባቴ። በታካሚ መመዝገቢያ ወረቀት ጀርባ ነው የሠራሁት።

5500 እና 2019፣ 7519። ለ19 ሲካፈል 14 ተረፈ። ወንበር 13። በ11፣ 143፤ አበቅቴ 23። በ19፣ 247፤ መጥቅዕ 7። 23 እና 7፣ 30፤ ገጠመ። 7 ከ14 ያንሳል፣ ስለዚህ ጥቅምት 7። ዓመቱ ዓርብ ይገባል፤ እስከ ጥቅምት 7 36 ቀን ነው፣ ቅዳሜ መጣልኝ። የቅዳሜ ተውሳክ 8። 7 እና 8፣ 15። ነነዌ የካቲት 15። 15 እና 9፣ 24።

ፋሲካ ሚያዝያ 24። እነሱ ዘንድ ያን ጊዜ አምስት ሳምንት አልፎታል፤ አሁን ግን ለምን እንደሆነ ላስረዳት እችላለሁ፤ እነሱ ያረሙት ጨረቃና እኩሌታ አለ፣ የእኛ መጋቢት 25ን ይጠብቃል፣ ስለዚህ ቀጣዩን ጨረቃ ይይዛል። ልክ ነኝ?

#13 መምህርት ዘጠነኛ ክፍል፣ ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡40

ልክ ነሽ። የክፍሌ ልጆች ዛሬ ጠዋት ሠርተውት ነበር፤ ከ52ቱ 38ቱ ሚያዝያ 24 አሉ። የቀሩት አንድ መቀነስ ረስተው ነው።